የአሜሪካ መንግሥት ሦስቱ አካላት፦ የቱን ጉዳይ ማን ይወስናል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ስለ ኢትዮጵያ ቀርቦ የነበረው የሕግ ረቂቅ፣ ኤች አር 6600፣ ጸድቆ ነበር ወይስ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ አደረጉት?

መልስ፦ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ጭራሽ አልደረሰም። በ2022 መጀመሪያ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴውን ቢያልፍም፣ ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሳይሰጥበት የ117ኛው ኮንግረስ (የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት አንድ ላይ) የሁለት ዓመት ዘመን ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 አበቃ። ዘመኑ ሲያልቅ ያልጸደቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ይቀራል፤ ዳግም የሚፈልገው ሰው በአዲስ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ቁጥሩም በየሁለት ዓመቱ እንደገና ከአንድ ስለሚነሳ፣ ረቂቅ ስታዩ የስንተኛው ኮንግረስ እንደሆነ አብራችሁ ተመልከቱ። በኤፕሪል 2018 የጸደቀው ኤች ሬስ 128 ደግሞ የምክር ቤቱን አቋም የሚገልጽ ውሳኔ እንጂ ሕግ አልነበረም። እንዲህ ያለው ወደ ሴኔትም ወደ ፕሬዚዳንቱም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማዕቀቡና ከአጎዋ (ለአፍሪካ አገሮች ከተሰጠው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል) መውጣታችን ከየት መጣ?

መልስ፦ ከሕግ አስፈጻሚው፣ ማለትም ከፕሬዚዳንቱና በሥራቸው ካሉት መሥሪያ ቤቶች። ፕሬዚዳንት ባይደን ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ማዕቀቡን የፈቀደውን ትእዛዝ ቁጥር 14046ን ፈረሙ፤ ኢትዮጵያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣች። ሥልጣኑ ግን ከኮንግረስ የተሰጠ ነው፦ ትእዛዙ በ1977 በወጣ የአስቸኳይ ጊዜ ኢኮኖሚ ሕግ ላይ ቆሟል፤ አጎዋም የ2000 ሕግ ሲሆን፣ አንድ አገር መስፈርቱን አሟልታለች ወይስ አላሟላችም የሚለውን ለፕሬዚዳንቱ ይተዋል። መሠረት የሌለው ትእዛዝ ይወድቃል። ትሩማን በ1952 የብረት ፋብሪካዎችን በትእዛዝ ሲይዙ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 ሽሮባቸዋል።

ጥያቄ፦ በሴኔት አብላጫው 51 ከሆነ 60 ድምፅ የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ለማጽደቅ አብላጫ ይበቃል። 60 የሚያስፈልገው ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ ነው፤ ከ100 ሴናተሮች 41 እምቢ ካሉ ረቂቁ እዚያው ታንቆ ይቀራል። ሹመት በአብላጫ ብቻ ያልፋል። ሁለቱም ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ካጸደቁ በኋላ ፕሬዚዳንቱ፣ እሑድ ሳይቆጠር፣ 10 ቀን አላቸው። ቬቶ ካደረጉ በየምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መሻር ይቻላል። ዝም ካሉና ኮንግረሱ ሥራ ላይ ከሆነ ያለ ፊርማቸው ሕግ ይሆናል፤ ኮንግረሱ ተበትኖ ከሆነ ግን ረቂቁ ወደቀ።

ጥያቄ፦ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ከጣሰ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምን ወዲያው አይሽረውም?

መልስ፦ ፍርድ ቤት ምክር አይሰጥም፤ ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ከሳሽ ያስፈልገዋል። ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ተነስቶ በይግባኝ ይወጣል፤ ከ9ኙ ዳኞች 4ቱ እንየው ካሉ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ የኮንግረስ ተወካያችን የዘገየ የኢሚግሬሽን ፋይላችንን ማስወሰን ይችላሉ?

መልስ፦ ማስጠየቅ ይችላሉ፣ ማስወሰን አይችሉም። የሚኖሩበት ወረዳ ተወካይ ቢሮ የፈቃድ ቅጽ አስፈርሞዎት ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል። ያለ ፊርማዎ ስለ ፋይልዎ አይነገራቸውም፤ ብዙ ሰው ቅጹን ሳይሞላ ወር ሙሉ መልስ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ እህቴ ጥገኝነት ጠይቃ ዳኛው ከለከሏት። ፍርድ ቤት ከወሰነ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ይህን ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል፦ የኢሚግሬሽን ዳኛ የሕግ ተርጓሚው አካል ዳኛ አይደለም። የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው፤ የበላዩም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። ቀጥሎ የሚታይበት የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም እዚያው ሚኒስቴር ውስጥ ነው። ጉዳዩ በሴኔት የጸደቀ፣ የዕድሜ ልክ ሹመት ያለው ዳኛ ፊት የሚደርሰው ከቦርዱ በኋላ፣ በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው፤ በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የታየ ከሆነ ሪችመንድ ባለው፣ አራተኛው ሰርኪት በሚባለው ይግባኝ ፍርድ ቤት። አቤቱታው ከቦርዱ የመጨረሻ ውሳኔ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የሚቆጠረው ፖስታ ቤት የሰጡበት ቀን ሳይሆን ፍርድ ቤቱ የተቀበለበት ቀን ነው። ቦርዱን «እንደገና እዩልኝ» ብሎ ማመልከትም 30ውን ቀን አያስቆመውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል። እህትዎ ገና ቦርዱ ዘንድ ካልቀረበች ግን መጀመሪያ እሱን ትጨርስ፤ በውሳኔው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የይግባኝ ቀን ዛሬውኑ አይታ ለጠበቃ ታሳይ።