ጭሱ የት ይሂድ? በሕዝብ ቦታ ማጨስ ስለ መከልከል ጥያቄና መልስ

በሳንባ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ለሦስት ዓመት ማታ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሲጋራ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም። ግን ከሥራ ስመለስ ሸሚዜን በር ላይ አውልቄ ነበር የምገባው። ጠዋት አፍንጫዬን ስናፈጥ ሶፍቱ ላይ የሚቀረው ግራጫ ነገር ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጣሪያና ግድግዳ ባለው የሕዝብ ቦታ ሁሉ ማጨስ መከልከል አለበት ባይ ነኝ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ 20 ዓመት አጭሻለሁ። ሲጋራውን የምገዛው በራሴ ገንዘብ ነው፣ ሳንባውም የኔ ነው። ሌላውን ሰው ምን አገባው?

ወንድሜ፣ ሳንባህ ያንተ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። የሚያከራክረን ጭሱ ነው።

ሲጋራ ሲነድ ጭሱ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ አንተ ስበህ የምትተፋው ነው። ሌላው ደግሞ ሳትስበው፣ በጣትህ ይዘኸው እያወራህ፣ ከጫፉ ዝም ብሎ የሚወጣው ነው። ክፍሉን የሚሞላው በአብዛኛው ይኸኛው ነው። አንተ ስትስብ ጫፉ በደንብ ይግላል፣ ጭሱም በፊልተር አልፎ ይደርስሃል። ሳትስበው ሲቀር ግን ትንባሆው በዝቅተኛ ሙቀት፣ በወጉ ሳይቃጠል ይጨሳል። ፊልተር የሚባል ነገርም አያገኘውም። አጠገብህ ያለው ሰው የሚተነፍሰው እሱን ነው።

በትንባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ። 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል። ፎርማልዲሃይድ፣ አርሴኒክ፣ ፖሎኒየም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እገዳው «አታጭስ» አይልህም። «ወጣ ብለህ አጭስ» ነው የሚልህ።

ጥያቄ፦ የሌላ ሰው ጭስ ይገድላል የሚባለው አልተጋነነም? ማስረጃው ምንድን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም በቃል ብቻ አላምንም ነበር።

በ1981 ታኬሺ ሂራያማ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ አንድ ጥናት አወጣ። 91,540 የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመት ተከታትሏል። ባሎቻቸው በብዛት የሚያጨሱት ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ባል ባጨሰ ቁጥር የሚስት አደጋ ይጨምራል። ሴቶቹ ራሳቸው አንድም አላጨሱም። የትንባሆ ኩባንያዎች ጥናቱን ለማጣጣል ብዙ ደከሙ። ግን በዚያው ዓመት ከግሪክም ተመሳሳይ ውጤት መጣ፣ ከዚያ በኋላም ከብዙ አገር ተደጋገመ።

በ2006 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት የተከማቸውን ማስረጃ ሁሉ መርምረው ሪፖርት አወጡ። ከሚያጨስ ሰው ጋር የሚኖር ወይም የሚሠራ የማያጨስ ሰው፣ የሳንባ ካንሰር አደጋው ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ የልብ ሕመም አደጋው ደግሞ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሳያጨሱ በሌላ ሰው ጭስ ሳቢያ የሚሞቱት በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ብዙ ሰው ሳንባን ብቻ ነው የሚያስበው። ልብ ግን ይብሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጭስ ያለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻ የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ልብ እንዳይለጠጥ ያደርጋል። ደምም ይበልጥ የመርጋት ባሕርይ ያመጣል። ለጤነኛ ወጣት ይህ አልፎ የሚሄድ ነገር ሊሆን ይችላል። የልብ ደም ሥሩ አስቀድሞ ለጠበበ ሰው ግን ያቺ አንዲት ምሽት ልትበቃ ትችላለች። አንዳንዱ የልብ ሕመም እንዳለበት ራሱም አያውቅም።

ስኮትላንድ በመጋቢት 2006 እገዳውን ስትጀምር፣ ተመራማሪዎች በዘጠኝ ሆስፒታሎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚገቡትን ሰዎች ቆጠሩ። ከእገዳው በፊትና በኋላ ያሉት አሥር አሥር ወራት ሲነጻጸሩ ቁጥሩ በ17 በመቶ ቀንሷል። እገዳው ገና ባልተጀመረባት እንግሊዝ በዚያው ጊዜ የቀነሰው በ4 በመቶ ብቻ ነበር። በሌሎች አገሮች የታየው ቅናሽ አንዳንዴ ከዚህ ያንሳል፣ አቅጣጫው ግን በአብዛኛው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ መጠጥ ቤት አለኝ። ከደንበኞቼ ግማሹ አጫሽ ነው። ሰው ቢቀርብኝ የሠራተኞቼን ደመወዝ ማን ሊከፍልልኝ ነው?

ስጋትዎ ይገባኛል። የአየርላንድ መጠጥ ቤት ባለቤቶችም ይህንኑ ብለው ነበር። አየርላንድ በመጋቢት 2004 በሥራ ቦታዎች ሁሉ፣ መጠጥ ቤትን ጨምሮ፣ ማጨስን የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ናት። ማንም አይታዘዘውም ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ግን ከተጠበቀው በላይ ተቀበለው፤ ኖርዌይና ኒውዚላንድም በዚያው ዓመት ተከተሉ።

ገቢን በተመለከተ፣ ግብር ላይ የሚታየውን ሽያጭ መሠረት ያደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ዘላቂ ኪሳራ አላገኙም። ከሰርን የሚሉት ጥናቶች ማን ገንዘብ እንደሰጣቸው ሲጣራ ብዙዎቹ ከትንባሆ ኩባንያ ጋር የተነካኩ ናቸው። ያም ሆኖ ደጅ የሌለው ጠባብ ቤት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊንገዳገድ ይችላል። ይህን አልክድም።

ቤትዎን የሚጎዳው ግን ግማሽ እገዳ ነው። እርስዎ ከልክለው ጎረቤትዎ ከፈቀደ አጫሹ ወደዚያ ይሄዳል። ስፔን በ2006 ትንንሽ መጠጥ ቤቶች ራሳቸው እንዲመርጡ ተወችላቸው። አብዛኞቹ ማጨስ መፍቀዱን መረጡ፤ ማን ደፍሮ ብቻውን ይከልክል? በ2011 ሕጉ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ እገዳውን ከመቃወም ይልቅ፣ ሳይሸራረፍ ለሁሉም እንዲሠራ ቢሟገቱ ለኪስዎም ይሻላል።

ስለ ሠራተኞችዎ ካነሱ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ካሊፎርኒያ በ1998 በመጠጥ ቤቶች ማጨስን ስትከለክል፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 53 የመጠጥ ቤት አስተናጋጆች ተመርምረው ነበር። ከነሱ 39ኙ ሳል ወይም የደረት ማፈን ነበረባቸው። ከእገዳው በኋላ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከ39ኙ 23ቱ ምልክቱ ጠፋላቸው። መድኃኒት የሰጣቸው የለም።

ደንበኛ ካልተመቸው ሌላ ቤት ይሄዳል። ትሪ ይዞ የቆመው ልጅ የት ይሂድ? እኔ ራሴ ያን ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። «ካልተስማማህ ልቀቅ» ይሉኝ ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቀው ሰው መቼ መልቀቅ ይችላል?

ጥያቄ፦ የማጨሻ ክፍል ለይቶ ጥሩ ማናፈሻ መግጠም አይበቃም?

አይበቃም። ማናፈሻ ሽታ ይቀንሳል፣ ዓይን ማቃጠሉን ያስታግሳል። ደቃቁ ብናኝና ጋዙ ግን ይቀራል። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበርም በ2005 ይህንኑ ብሏል። ማናፈሻ በመግጠም የሚተዳደሩ ሰዎች «መፍትሔው ጨርሶ ማስቆም ነው» ካሉ ልንሰማቸው ይገባል።

በዚያ ላይ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭሱ ይወጣል። ደግሞስ ያን ክፍል የሚያጸዳው ማን ነው? መጠጥ የሚያደርሰውስ?

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ውስጥ ማጨስ ክልክል ከሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ የሲጋራ መተርኮሻ ለምን ይቀመጣል? ሁሌም ይገርመኛል።

እኔንም ይገርመኝ ነበር። በሐምሌ 1973 ፓሪስ አቅራቢያ የብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ በረራ 820 መጸዳጃ ቤት ውስጥ እሳት ተነሣ። 123 ሰዎች ሞቱ። መነሻው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል። ዛሬ መተርኮሻው የሚቀመጠው ለማጨስ ፈቃድ ለመስጠት አይደለም። ሕጉን ጥሶ የሚያጨስ ሰው ቁራጩን ወረቀት መሀል እንዳይጥለው ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር አለ፦ ጥሩ ሕግ የሚጥሰውን ሰውም አስቀድሞ ያስባል።

በአሜሪካ በረራዎች ላይ እገዳው የተጀመረው በ1988 ነው፤ ከሁለት ሰዓት በማይበልጡ የአገር ውስጥ በረራዎች። ግንባር ቀደም ሆነው ከታገሉት ውስጥ የበረራ አስተናጋጆቹ ይገኙበታል። እዚህም ነገሩ የሠራተኛ ጉዳይ ነበር።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። አለቃዬ ቢሮ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ያጨሳል። መናገር ፈራሁ። መስኮቱ ይበቃል?

እህቴ፣ አይበቃም። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ጭሱን ወደ ውስጥ ነው የሚመልሰው። እርጉዝ ሴት ጭስ ስትተነፍስ የሕፃኑ የልደት ክብደት ሊቀንስ ይችላል። ከተወለደም በኋላ ጭስ ያለበት ቤት ለሕፃን ክፉ ነው። ለአስም፣ ለጆሮ ሕመም፣ በእንቅልፍ ላይ እያለ ለድንገተኛ ሞትም ያጋልጠዋል።

ብቻሽን አትጋፈጪው። ከሐኪምሽ ወይም ከአዋላጅሽ «ከጭስ መራቅ አለባት» የሚል ወረቀት አጽፊና ለአስተዳደር ስጪ። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ያንቺና የአለቃሽ ጸብ መሆኑ ይቀርና የጤና ጉዳይ ይሆናል። እስከዚያው ጠረጴዛሽን ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩልሽ ጠይቂ። እገዳ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ አንቺ በየቀኑ አለቃሽን እንዳትለምኚ።

ጥያቄ፦ ደጅ ላይስ? መንገድ፣ መናፈሻ?

እዚህ ላይ ከአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ እለያለሁ። ደጅ ላይ ጭሱ ቶሎ ይበተናል። ከአጫሹ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ሲሉ መጠኑ በጣም ይወርዳል። አጠገቡ ከሆኑ ግን ከቤት ውስጥ ብዙም ላይለይ ይችላል። ስለዚህ የሕንፃ መግቢያ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያ፣ የልጆች መጫወቻና የሆስፒታል ግቢ ይከልከል። ሰፊውን መንገድ ግን ልከልክል አልልም። ሰውየው ወጥቶ የሚያጨስበት ቦታ ካጣ መልሶ ቤቱ ውስጥ ነው የሚያጨሰው።

ጥያቄ፦ ሺሻና ቬፕስ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)?

ሺሻ ያው ጭስ ነው። ውሃው ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። ከሰሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ይጨምራል። ከሲጋራ እኩል ይታገድ። ቬፕ ከሲጋራ ያነሰ መርዝ አለው፣ ግን የውሃ እንፋሎት አይደለም፤ ኒኮቲንና ደቃቅ ብናኝ ይለቃል። ቤት ውስጥ እሱም ይቅር።

ጥያቄ፦ ካፌ ውስጥ ከከለከልነው ቤቱ ገብቶ ልጆቹ ላይ አያጨስም?

ይህ ስጋት ለብዙ ጊዜ የኔም ነበር። ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኮቲኒን ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ በምራቅ ይለካል። ስኮትላንድ ውስጥ ከእገዳው በፊትና በኋላ የማያጨሱ ልጆች ምራቅ ተለካ። የኮቲኒኑ መጠን በ39 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በአስም ሆስፒታል የሚገቡ ልጆችም ቀነሱ። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ወጥቶ ማጨስ የለመደ ሰው ቤቱም ሲሆን መውጣት ይቀለዋል። እናታቸው ወይም ሁለቱም ወላጆቻቸው የሚያጨሱ ልጆች ላይ ግን ለውጡ ያን ያህል አልነበረም። እነሱን ሕግ ብቻውን አይደርስላቸውም።

ጥያቄ፦ ሕግ ማውጣትማ ቀላል ነው። ማን ያስከብረዋል?

ጭካኔ እንደማያስከብረው ታሪክ ይመሰክራል። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1630ዎቹ የሚያጨስን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር፤ ማጨሱ ግን አልቀረም። ቡታን ደግሞ በ2004 ሽያጩን ጨርሶ ከለከለች፣ ኮንትሮባንዱ ደራ፣ በ2021 እገዳውን አነሣች።

የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ኃላፊነቱን ለቤቱ ባለቤት መስጠት፣ መተርኮሻውን ከጠረጴዛ ማንሣት፣ የሚነበብ ምልክት መለጠፍ፣ መቀጮውን ባለቤቱ ላይ ማክበድ። ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ ካለ «አጭስ» ማለት ነው። ከሌለ ሰው ራሱ ዙሪያውን ያያል፣ ሲጋራውን ይዞ ይነሣል።

ጥያቄ፦ እኔ ማቆም እፈልጋለሁ። አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ተመለስኩ። እገዳው ለኔ ምን ይጠቅመኛል?

አራት ጊዜ መሞከርህ ደካማ ነህ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚያቆመው ደጋግሞ ሞክሮ ነው። ኒኮቲን እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አምሮቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ሌላው ሰው አጠገብህ እያጨሰ፣ ፓኬቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ማለፍ ከባድ ነው። ጭስ የሌለበት ክፍል ያቺን ጊዜ ያሻግርሃል። ባለፈው አንድ ታካሚዬ «ካቆምኩ በኋላ የምፈራው ቤቴን አልነበረም፣ ጓደኞቼ ጋ መቀመጥን ነበር» አለኝ። ከሰው ተለይቶ ሦስት ወር ቤቱ ዋለ። ሲጋራን ለመተው ጓደኛን መተው አልነበረበትም።

መጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የከፉ ናቸው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ድረስ እየቀለለ ይሄዳል። በባዶ እጅህ አትግባበት፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚታኘክ ኒኮቲን አለ፣ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶችም አሉ። ከምክር ጋር ሲሆኑ የመሳካት ዕድልህን ከፍ ያደርጉታል። ሐኪምህ ጋ ስትሄድ አራቱንም ሙከራ ንገረው፦ ስንት ቀን ቆየህ፣ የት ሆነህ፣ ከማን ጋር ሆነህ ተመለስክ። አምስተኛውን ከዚያ ጀምሩት።