ትኬት ቁረጡ

ወጣት ወዳጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ወጣት አርክቴክት "የሲኒማ ራስ መፍረስ ያንገበግበኛል" አለኝ። "ለመሆኑ ገብተህ ታውቅ ነበር?" ስለው ሳቀ። አልገባም። አልፈርድበትም፤ ግን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሱ ሳቅ ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ በተክለሃይማኖትና በመርካቶ መካከል ነው። ሙያዬ ህንፃ ነው። ጡረታ ወጥቼም አዳራሽ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣሪያው ነው። ይህን አመል ያስያዘኝ የሰፈራችን ሲኒማ ራስ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቤቱ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያን ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ሲከፋፍል ፒያሳን ለራሱ ያዘ፣ አበሻውን ወደ መርካቶ ገፋው። ሲኒማውም አብሮ ተከፋፈለ። ራስ የደረሰው ለአገሬው ሰው ነው። በንቀት የተሠራ ቤት ነበር ማለት ነው። ጣሊያን ሲወጣ ግን ሰፈርተኛው የራሱ አደረገው። ልጅ ሳለን ይህን የሚነግረንም አልነበረም፣ እኛም አንጠይቅም። የምንጠይቀው "ዛሬ ምን ይታያል?" ብቻ ነበር።

የሚታየው ህንድ ነው፤ ካልሆነም ካውቦይ። ህንድ የሆነ ቀን እህቶቻችንም ይመጣሉ፣ ይለቀሳል። ካውቦይ ሲሆን ደግሞ ተኩሱ ቢበዛ ማንም አይሰጋም፤ አክተሩ አይሞትም፣ ይህ የታወቀ ነው። በር ላይ ጀብሎዎች ማስቲካና ሲጋራ ይሸጣሉ፣ እናቶች ቆሎ ይሰፍራሉ። ስሙኒ የጎደለው ልጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ድምፁን ያዳምጣል። ውስጥ ደግሞ ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም። ታሪኩን ከምስሉ ቀድሞ ይዘከዝከዋል። "ዝም በል!" ይባላል፣ ዝም አይልም። እንግሊዝኛ የማይገባን ግን በልባችን እናመሰግነዋለን።

እኔ ብዙ ጊዜ አንገቴን አዙሬ ወደ ኋላ ነበር የማየው። በኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብለው፣ ትንንሽ መስኮቶች አሉ። ብርሃኑ ከዚያ ይወጣና የሲጋራውን ጭስ ሰንጥቆ ሸራው ላይ ያርፋል። ነገሩ የገባኝ ሙያዬን መማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ይሮጣል። አንዱ ጥቅል ቢበዛ 20 ደቂቃ ያህል ቢሄድ ነው። ስለዚህ ፊልሙን የሚያሳየው ማሽን ሁለት መሆን አለበት። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ከሸራው ላይ፣ በቀኝ በኩል ላይኛው ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳል። ምልክቷ ዳግም ብልጭ ስትል ይቀይራል። የተሳካለት ኦፕሬተር መኖሩን እንኳን የሚያስታውስ የለም። ያልተሳካለት ደግሞ፣ በየትኛውም ሲኒማ ቤት፣ ፉጨቱን አይችለውም፤ እናቱም ሳትቀር ትሰደባለች። መስኮቶቹ የጠበቡትም ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮው ናይትሬት ፊልም እሳት ከነካው ማጥፋት አይቻልም። እሳቱ ማሽኑ ክፍል ውስጥ ታፍኖ እንዲቀር በብረት መዝጊያ ይከደኑ ነበር። ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቤት መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ያስተማረኝ የለም።

ከአብዮቱ በኋላ ሲኒማው ራስ ቴአትር ሆነ። ብዙዎቻችሁ በወላጆቻችሁ አፍ የምትሰሙት በዚህ ስሙ ነው። ሲኒማን የገደለው ቴሌቪዥን ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቴሌቪዥን በ1957 ጀመረ፣ ግን ማን ቤት ነበር? ሲኒማ ቤቶቹን የጎዳቸው ዴክ፣ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው ነው። በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ ቆርቆሮ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም። ከዚያ ሲዲ፣ ዲሽ፣ አሁን ደግሞ ስልክ። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም መጥቶ ሰልፉን ለተወሰኑ ዓመታት መለሰው። ቦሌ በኩል አለም ሲኒማና ኤድናሞል ሲከፈቱ ግን የተመልካቹ እግር ወደዚያ ዞረ። የራስ አሮጌ ህንፃ በመጨረሻ ፈረሰ፤ በቦታው ትልቅ ቴአትር ቤት እንዲሠራ።

እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ልበላችሁ። ከህንፃ ሁሉ ግትሩ ሲኒማ ቤት ነው። ወለሉ ተዳፋት ነው፣ መስኮት የለውም፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ አይቆምም። ቢሮ ላድርገው ብትል አይሆንም፣ ሱቅም አይሆንም። የሚያኖረው የተያዘ ወንበር ብቻ ነው። ተመልካች ሲቀንስ ገቢው ይቀንሳል፣ ጣሪያ የሚጠግን ይጠፋል፣ ዝናቡ ይገባል። ከዓመታት በኋላ "አርጅቷል፣ ያሰጋል" የሚል ሪፖርት ይጻፋል። እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ብዙ አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹ ውሸት አልነበሩም። ዶዘሩ የሚመጣው ቤቱ ከሞተ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! እኛ ግን ለቅሶ የምንቀመጠው ዶዘሩ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ትኬት ቁረጡ። ሀገር ፍቅር ከ1927 ጀምሮ አለ። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ተመረቀ፣ ዛሬም አለ። በደጃቸው ስንት ጊዜ አልፋችኋል? ከጓደኛችሁ ጋር ካፌ ከምትቀጣጠሩ አንድ እሁድ እዚያ ተቀጣጠሩ። ቴአትሩ ላይጥማችሁ ይችላል። አይጣማችሁ! መጥፎ ቴአትር አይቶ ወጥቶ ማማትም የከተማ ወግ ነው።

አርክቴክቸር የምታጠኑ ደግሞ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። ሰው ሁሉ የሚያነሳው የፊት ለፊቱን ፎቶ ነው። የወለሉን ተዳፋት፣ የማሽኑን ክፍል፣ ከመድረክ ጀርባ ያለውን ደረጃ የሚያነሳ የለም። አስፈቅዳችሁ ለኩ፣ ሳሉ።

ኦፕሬተሮቹና ትኬት ቆራጮቹም እያረጁ ነው። በየሰፈራችሁ አንድ አይጠፋም። ቡና ጋብዟቸውና አስወሯቸው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱ። የተቀዳበትን ቀንና የሲኒማ ቤቱን ስም መጻፍ አትርሱ፤ አለበለዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ ድምፁ የማን እንደሆነ እናንተም አታውቁትም።