ተርሚናሉ ሲያስቸግራችሁ ስሙን አትቀይሩለት

በኦፕን ሶርስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ መሥራት ለጀመራችሁ ልጆች፣

ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በምትሰጡበት መስኮት፣ ባክስፔስ ትጫናላችሁ፤ ፊደሉ መጥፋት ሲገባው ሌላ ምልክት ይጨመርበታል። ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ሰርቨር ላይ ገብታችሁ ኤዲተር ትከፍታላችሁ፤ ይህን ተርሚናል አላውቀውም ይላችኋል። የሠንጠረዥ መስመር መታየት በነበረበት ቦታ ኤል፣ ኪው፣ ኪው፣ ኪው፣ ኬ የሚሉ የላቲን ፊደላት ተደርድረው ታገኛላችሁ። አብዛኛው ሰው ያኔ ኢንተርኔት ላይ አንድ መስመር ፈልጎ ኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ ይለጥፍና ይገላገላል። እናንተ እንዲህ እንዳታደርጉ ልለምናችሁ ነው የምጽፈው።

ያ የሚለጠፈው መስመር ብዙውን ጊዜ «ተርም» (TERM) የሚባለውን፣ የተርሚናሉ ስም የሚጻፍበትን ቫሪያብል የሚቀይር ነው። ፕሮግራሞች ስክሪናችሁን አያዩትም። ከተርሚናሉ ጋር የሚነጋገሩት በባይት ብቻ ነው። ከርሰሩን አንቀሳቅስ፣ ቀለም ቀይር፣ ስክሪኑን አጥፋ የሚሉት ትእዛዞች አብዛኞቹ ቁጥሩ 27 በሆነው በኤስኬፕ ባይት ይጀምራሉ። ፕሮግራሙ የትኛውን ኮድ እንደሚልክ የሚያውቀው «ተርም» ላይ የተጻፈውን ስም ወስዶ፣ ተርምኢንፎ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ፈልጎ ነው። ስሙን ስትቀይሩ ተርሚናሉ ያው ነው። የተቀየረው ፕሮግራሙ ስለ ተርሚናሉ የሚያምነው ነገር ነው። አንዱ ችግር ጠፋ ብላችሁ ስትደሰቱ፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ብቅ ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተርሚናል ስክሪንና ኪቦርድ ያለው ራሱን የቻለ ዕቃ ነበር። አምራቾቹም በየራሳቸው ኮድ ይሠሩ ነበር። በ1978 ቢል ጆይ ለቢኤስዲ ዩኒክስ ተርምካፕን ጻፈ። የየተርሚናሉን ባሕርይ አንድ ፋይል ላይ መዘርዘር ማለት ነው፤ ተርምኢንፎ ኋላ የመጣ ተተኪው ነው። በዚያው ዓመት ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ቪቲ100 የተባለውን ተርሚናል አወጣ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ኢሙሌተሮች፣ ማለትም የያኔውን ዕቃ የሚተኩ ፕሮግራሞች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእሱን ኮድ ይከተላሉ። ኤክስተርም የሚባለው ኢሙሌተር በ1984 ተጀመረ። ቶማስ ዲኪ የሚባሉ ሰው እሱንም ሆነ ኤንከርስስን (ፕሮግራሞች ስክሪን ላይ ለመጻፍ የሚጠቀሙበትንና የተርምኢንፎ ቋት አብሮት የሚመጣውን ላይብረሪ) ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲንከባከቡ ኖረዋል። በዚህ ሙያ የማከብረው ሥራ ይህን የመሰለው ነው፦ ማንም የማያጨበጭብለት፣ ግን ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚደገፍበት።

ኤክስተርም በየቦታው ሲታወቅ ሌሎቹ ኢሙሌተሮች ራሳቸውን በእሱ ስም መጥራት ጀመሩ። ክፋት አልነበረበትም። በሩቁ ሰርቨር ላይ የራሳቸው ስም ካልተመዘገበ ቀለሙም ቁልፉም ይበላሽባቸዋል። ግን ኤክስተርም የሚያደርገውን ሁሉ አያደርጉም። ፕሮግራሙ ኤክስተርም መስሎት ጥያቄ ይልካል፤ መልሱ ይዘገያል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ መልሱ ሲደርስ ደግሞ ቁጥርና ሴሚኮለን የተቀላቀለበት ኮተት ትእዛዝ የምትጽፉበት መስመር ላይ ይፈስሳል። አሁን አሁን አላክሪቲና ፉት የሚባሉት ኢሙሌተሮች በራሳቸው ስም ይመዘገባሉ። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፣ ምንም እንኳ ለጊዜው የሚያስቸግር ቢሆንም።

ባክስፔስን ልውሰድ፤ ብዙ ያስተምራል። አንዱ ተርሚናል ባክስፔስ ሲነካ 8 ቁጥር ባይት ይልካል፣ ሌላው 127 ይልካል። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በበኩሉ የማጥፊያ ቁልፍ ብሎ የሚጠብቀው አንዱን ነው። ተርምኢንፎም የራሱን ይላል። ሦስቱ ካልተስማሙ ፊደሉ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮንትሮል ቪ ተጭናችሁ ቀጥሎ ባክስፔስን ንኩ፤ ተርሚናሉ በትክክል የሚልከውን ታያላችሁ። ከዚያ ከርነሉ የሚጠብቀውን በኤስቲቲዋይ (stty)፣ ተርምኢንፎ የሚለውን በኢንፎሲኤምፒ (infocmp) ትእዛዝ አውጡ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የትኛው እንደተሳሳተ ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ይህን ጣጣ የፈታው ለተጠቃሚው መላ በመንገር አይደለም። በፖሊሲው ውስጥ ባክስፔስ 127 እንዲልክ ደነገገና ፕሮግራሞቹ ሁሉ በዚያ እንዲስተካከሉ አደረገ።

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የሚጠቀስ ነው። ኮንሶሉ (ያለ መስኮት ሙሉ ስክሪኑን የሚይዘው ተርሚናል) ለረጅም ጊዜ ኮንስ25 የሚባል የራሱ ዓይነት ነበር። በጥር 2012 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 9.0 ወደ ኤክስተርም ተዛወረ። ስሙን ብቻ ቀይረው አልተዉትም፤ ከርነሉ ውስጥ ያለው ኢሙሌተር ራሱ የኤክስተርምን ኮድ እንዲረዳ ተደርጎ ተጻፈ። እኔ ጥገና የምለው ይህን ነው።

የኤልና የኪው ፊደላቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ወደ መስመር መሣያ ፊደላት ቀይር የሚል ትእዛዝ ይልካል፣ ቀጥሎ ፊደላቱን። አንዳንድ ተርሚናል የዩኒኮድን ፊደላት በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 ሲሠራ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይዘለዋል። ፊደላቱ እንዳሉ ይቀራሉ።

ስፋትም አለ። ሀ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ትወስዳለች፤ ስክሪን ላይ ግን የምትይዘው 1 ቦታ ነው። ስንት ቦታ እንደሚያዝ ፕሮግራሙ ለብቻው ይቆጥራል፣ ተርሚናሉም ለብቻው። ሁለቱ በተለያየ የዩኒኮድ ቨርሽን ሠንጠረዥ ከቆጠሩ ከርሰሩ ይንሸራተታል። በተለይ ኢሞጂ ላይ፣ አንዱ 1 ሲል ሌላው 2 ይላል። የቆየ ሰርቨር ላይ መስመሩ የሚዘበራረቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፎንት እየቀያየራችሁ ጊዜ አታባክኑ።

ተርሚናሉን የማያውቅ ሰርቨር ካጋጠማችሁ መግለጫውን ይዛችሁለት ሂዱ። ኢንፎሲኤምፒ የሚያወጣውን በኤስኤስኤች አሻግራችሁ እዚያ ላለው፣ መግለጫውን ለሚመዘግበው ቲክ (tic) ትእዛዝ ስጡት። ሆም ዳይሬክቶሪያችሁ ውስጥ ይቀመጣል፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሰርቨሩ የእናንተ ከሆነና ዴቢያን ላይ ከሆነ ደግሞ ኤንከርስስ ተርም (ncurses-term) የተባለውን ጥቅል ጫኑለት፤ የሚገባው ሁሉ ይጠቀማል።

ስህተቱን ስታገኙ ለራሳችሁ ብቻ አታስተካክሉት። ሪፖርት ጻፉ። «አይሠራም» የሚል ሪፖርት ማንንም አይረዳም። ችግሩን የሚያሳየውን አጭሩን ኮድ በፕሪንትኤፍ (printf) ትእዛዝ ብቻ አውጡት፣ ፕሮግራሙን ከመሀል አስወጡ። ስክሪፕት በሚባለው ትእዛዝ የባይቶቹን ፍሰት ቅዱ። ያንኑ ኮድ ኤክስተርም ላይና ሌላ ኢሙሌተር ላይ ሞክሩ። ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፋፍል ፕሮግራም) ውስጥ ከሆናችሁ ከእሱ ወጥታችሁ ድገሙት፤ በመሀል ገብቶ ኮድ የሚተረጉም እሱ ስለሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያደናግራል። ባይቱን ያየ ጠጋኝ በደቂቃዎች ይገባዋል። ስሜታችሁን ብቻ ያነበበ ግን ተመልሶ ሊጠይቃችሁ ነው፣ በዚያ መሀል ወራት ያልፋሉ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ አሁን ከፊታችሁ ካለው ተርሚናል ጀምሩ። የተርሚናል መፈተኛ ፕሮግራም የሆነውን ቪቲቴስትን (vttest) ጫኑና ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እለፉባቸው። የወደቀውን መዝግቡ፣ ተርምኢንፎ ስለዚያ የሚለውንም አስተያዩ። ተርሚናሉ የማይችለውን ይችላል ብሎ የጻፈ መግለጫ ካገኛችሁ፣ የኢሙሌተሩን ቨርሽንና ባይቶቹን አያይዛችሁ ለኤንከርስስ ላኩ።