ወይራው ያልበቀለው በአፈሩ ምክንያት አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ከሐይቁ ብዙም ሳልርቅ ችግኝ እያፈላሁ የምሸጥ ሰው ነኝ። በሰፊ ሳህን ላይ በአጭሩ የሚያድግ፣ ቦንሳይ የሚሉትን ዓይነት ወይራ የሚጠይቁኝ ደንበኞች በዝተዋል። ከደብር ግቢ ከወይራ ሥር የወደቀ ፍሬ ለቅሜ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ክረምቱ ሲገባ በፕላስቲክ ከረጢት ዘራሁ። ከጥቂቶቹ በቀር እስካሁን አልወጣም። ውኃ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። አፈሩ ይሆን ወይስ የባሕር ዳር ሙቀት? ጓደኞቼ “ምን አለፋህ፣ ከጫካ ነቅለህ አምጣ” ይሉኛል። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ደግሞ ለቦንሳይ የሚሆን የጂንኮ ዘር ልላክልህ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ቁም ነገሩን የያዘችው “ከጥቂቶቹ በቀር” የምትለዋ ቃል ናት። ጥቂቶቹ ከወጡ አፈሩም አየሩም አልከለከሏቸውም ማለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወይራ ከዚህ ዝቅ ባለውም፣ በጣም ከፍ ባለው ደጋም ይበቅላል። ፍሬውን የለቀሙበት ዛፍ ራሱ እዚያው ቆሞ ያፈራ የለም? ስለዚህ የሙቀቱን ሐሳብ ይተዉት።

ሌላው ልብ ያልኩት ያልጻፉትን ነው። ስለ ለቀማው፣ ስለ ማድረቁና ስለ ውኃው ነግረውኛል፤ ፍሬውን ስለ መላጥና ስለ ማጠብ ግን አንድም ቃል የለም። ከነሥጋው እንደዘሩት እገምታለሁ። ቢልጡት እንኳ በውስጡ ያለውን ጠንካራ ቅርፊት አልነኩትም። ሌላም ምክንያት አይጠፋም፤ መሬት ላይ ከቆየ ፍሬ መካከል ትል የበሳው ይበዛል፣ ጥልቅ የተቀበረውም ይቀራል። እኔ ግን ጣቴን የምቀስረው በቅርፊቱ ላይ ነው፤ ወይራ አልበቀለም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እሱው ነው።

የወይራ ፍሬ ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ቀጭኑን ሥጋ ሲገፉት እንደ ድንጋይ የጠጠረ ፍሬ ይወጣል። እኛ ዘር የምንለው ይህንን ነው፤ ትክክለኛው ዘር ግን ከዚህ ቅርፊት ውስጥ ያለው ለስላሳ አስኳል ነው። ቅርፊቱ አስኳሉን አፍኖ ይይዘዋል፤ ከውስጥ ሊገፋ የሚፈልገውን ሥርም ያግደዋል። በዱር ወፎች ሥጋውን በልተው ጠንካራውን ፍሬ በየቁጥቋጦው ሥር ይጥሉታል፤ ከዚያ እርጥበቱና ጊዜው ቅርፊቱን ቀስ በቀስ እስኪያላላው ዓመት አልፎ ሊሄድ ይችላል። ጫካ ጊዜ አለው፤ እርስዎ ግን ደንበኛ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ ያንን ሥራ በእጅዎ ይሥሩለት።

ከሁሉ በፊት የዘሩትን አይድፉት። ያልበቀለ የወይራ ፍሬ ሞቷል ማለት አይደለም። ከረጢቶቹን ዘርግፈው በወንፊት ይንፉና ጠንካሮቹን ፍሬዎች ይልቀሙ። በጣት ሲጫኑት የሚደቅቀውንና የተበሳውን ይጣሉ። የቀረውን ከአንድ እፍኝ ሻካራ አሸዋ ጋር በጆንያ ቁራጭ ውስጥ አድርገው፣ ውኃ እያፈሰሱ፣ ሥጋው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ ይሹት። ቅባትነት እስከተሰማዎ ድረስ አልጠራም፤ የተረፈ ሥጋ ሻጋታ ይጠራል። ማድረቅዎ ዘሩን አልገደለውም፤ ግን ሥጋውን ከቅርፊቱ ጋር አጣብቆ ይህንን ሥራ አክብዶብዎታል። ለሚቀጥለው ጊዜ ፍሬው እንደጠቆረ ከዛፉ ላይ ይልቀሙና በዚያው ቀን ይጠቡት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ለጤፍና ለዳጉሳ ይሁን።

የጠራውን ፍሬ በባልዲ ውኃ ውስጥ ይክተቱና እስከ ማግስቱ ይተዉት። የሰጠመው ውስጡ ሙሉ ነው፤ የሚንሳፈፈው ብዙውን ጊዜ ባዶ ስለሆነ ይወገድ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ሲያንስብዎ አይዘኑ። ባዶ ፍሬ እየዘሩ ሦስት ወር ውኃ ከማጠጣት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። የሚያስፈልግዎ አንድ ፒንሳና ሻካራ የሲሚንቶ ወለል ወይም የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ በጣት ይዘው ከሞከሩ ጥፍርዎን ይልጡታል፤ ወገቡን በፒንሳ ይያዙት፤ አጥብቀው ግን አይጨፍልቁት። ከሁለቱ ጫፎች አንዱን ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይፈግፍጉት። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የእንጨት መልክ አለው። ጥቂት እንደፈገፈጉ አነሥተው ይመልከቱ፤ እንደገና ፈግፍገው እንደገና ይመልከቱ። ጫፉ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ ከውስጧ ለስላሳ ነገር ሲታይ ወዲያው ያቁሙ። ከዚያ በላይ ከሄዱ አስኳሉን ይነኩታል፤ የተነካ አስኳል ደግሞ ይበሰብሳል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ይበላሹብዎታል፤ እጅዎ ከለመደ በኋላ ግን ሥራው ይፈጥናል። ልጆች ካሉዎት ቁጭ ብለው የሚያግዙት ሥራ ነው፤ ብቻ ፒንሳውን ከመስጠትዎ በፊት የት ማቆም እንዳለባቸው አንድ ፍሬ ከፍተው ያሳዩአቸው።

በመዶሻ ልስበረው የሚል ሐሳብ እንዳይመጣብዎ። አንዱን አሳምሮ ሲሰነጥቅልዎ ብዙውን ከነአስኳሉ ያደቅቀዋል።

ጫፉ የተከፈተውን ፍሬ ለ48 ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፍዝፉት፤ ውኃውን ጠዋትና ማታ ይለውጡ። ከዚያ የሚዘሩት በአሸዋ ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቅርፊቱ ለተከፈተ ዘር ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ለግንባታ ከሚመጣው የርብ ወይም የጉማራ ወንዝ አሸዋ ጥቂት ያግኙና በወንፊት ነፍተው ድቃቁን ያስወግዱ፤ ሻካራውን ይጠቡ። አሮጌ ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀው ታችዋን በጋለ ሚስማር በርከት አድርገው ይብሱና በአሸዋው ይሙሏት። የፈላ ውኃ ያፍስሱባት፤ ቡቃያውን ከሥሩ የሚያደርቀውን ሻጋታ ይቀንስልዎታል። አሸዋው ጨርሶ ሲቀዘቅዝ ፍሬውን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ላዩን በስሱ ሣር ይጎዝጉዙት። አይጥ ካለ በወንፊት ሽቦ ይክደኑት።

ጀሪካኗን የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት፣ ከቀትሩ ግን ጥላ ያለበት ቦታ ያስቀምጧት። ውኃውን በተመለከተ ጠዋትና ማታ የሚለውን ይርሱት። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ አሸዋው ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማዎ በዚያ ቀን አያጠጡ። ጊዜው አሁን ጥሩ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ወይራን አይጎዳውም፣ እንዲያውም ለብቅለቱ ይስማማዋል። ከአንድ ወር ተኩል ጀምሮ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። እንደ በቆሎ በአንድ ቀን እንዲወጡ አይጠብቁ፤ አንዱ ቅጠል ሲያወጣ ጎረቤቱ ገና ይሆናል። ጀሪካኗን እስከ ሰኔ ድረስ አይገልብጧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ለቦንሳይ የሚያዘጋጀው ክፍል ነው። ችግኙ መጀመሪያ ከሚያወጣቸው ሁለት የዘር ቅጠሎች ሌላ አራት እውነተኛ ቅጠል ሲይዝ በማንኪያ ከአሸዋው ያንሡት። ወደ ታች የሚወርድ አንድ ረጅም ሥር ያያሉ። ለጫካ የሚተከል ቢሆን ያንን ሥር እንዲንከባከቡት እነግርዎ ነበር፤ ለሳህን ከሆነ ግን በንጹሕ ምላጭ ሲሶውን ይቁረጡት። የጎን ሥሮች ይበዛሉ፤ ወደፊት በጥልቀት ሳይሆን በስፋት የሚያርፍ ዛፍ ያገኛሉ። ይህንን በልጅነቱ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሥሩ ከወፈረ በኋላ ዛፉን ይጎዳል።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ዛፍ ስለተፈለገ ብቻ ጣት የማያህለውን ችግኝ ወዲያው ሳህን ላይ ያስቀምጡታል፤ እሱም ዕድሜውን ሁሉ እንደ ስንደዶ ቀጥኖ ይቀራል። ግንድ የሚወፍረው ቅጠል ሲበዛ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ዓመት በሰፊ ባልዲ ወይም በመደብ ላይ ያለ ገደብ ይደግ። ወፈር ሲል ከታች ዝቅ አድርገው ይቁረጡት፤ ወይራ ከተቆረጠበት የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። ከአዲሶቹ ቁጥቋጦዎች መካከል የሚወዱትን መርጠው ይቅረጹ። ወደ ሳህን ሲያዛውሩት ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር ሁለት እጅ፣ የበሰለ ብስባሽ አንድ እጅ ቀላቅለው ይጠቀሙ። ለደንበኞችዎም ወይራ የፀሐይ ዛፍ መሆኑን ይንገሩልኝ፤ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን አጠገብ የሚቀመጥ አይደለም። ያለቀለትን ዛፍ እስኪያደርሱ ገቢ ከፈለጉ፣ ሥሩ የተስተካከለ የሁለት ዓመት ችግኝ ራሱ ገዢው እንዲቀርጸው ሊሸጥ ይችላል።

ጓደኞችዎ ስላሉት ነገር ደግሞ፣ ቅር እንዳይልዎ እንጂ አጥብቄ እቃወማለሁ። ከደብር ግቢና ከጫካ ወይራ ነቅሎ በፕላስቲክ አድርጎ መንገድ ዳር መሸጥ በየጊዜው የማየው ነገር ሆኗል። በዱር የበቀለ ወይራ ሥሩን አርቆ ስለሚሰድ ሲነቀል ይበጠሳል፤ ቅጠሉ ጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ገዢው ቤት ከደረሰ በኋላ ይደርቃል። ገንዘቡ የተገኘው በሞተ ዛፍ ነው። ከዚያ የሚብሰው ጫካው ላይ የሚደርሰው ነው። በጣና ዙሪያና በደቡብ ጎንደር ከተራቆተው መሬት መካከል የአገር በቀል ዛፎች መጠጊያ ሆነው የቀሩት በአብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል፤ ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይግጥ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራም ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ደክመዋል። ካቡን አልፎ የገባ ሰው ነገ ሽማግሌውን ዛፍ የሚተካውን ቡቃያ ነቅሎ ከወጣ ከብቱን መከልከል ምን ጠቀመ? እርስዎ ፍሬ ሲለቅሙም የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው፣ ከአንድ ዛፍ ሁሉንም ሳያራግፉ፣ ለወፎቹም ትተው ይልቀሙ። ቡቃያው ሲደርስ ጥቂቱን መልሰው ለደብሩ ቢሰጡ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ለቀማ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ስለ ጂንኮ አጭር መልስ ልስጥዎ። ጂንኮ ከቻይና የመጣ፣ እጅግ ጥንታዊ ዘር ያለው ድንቅ ዛፍ ነው፤ ሂሮሺማ ላይ ከአቶሚክ ቦምቡ ከተረፉት ዛፎች መካከልም ይገኝበታል። ዘሩ ከሥጋው ጸድቶ፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ሆኖ፣ አንድ ሁለት ወር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ በኋላ ሊበቅል ይችላል። ሥጋው ክፉኛ የሚሸት፣ ቆዳንም የሚያሳክክ ስለሆነ በጓንት ነው የሚነካው። ችግሩ የሚመጣው ከበቀለ በኋላ ነው። ይህ ዛፍ በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት ብርቱ ክረምት ይፈልጋል፤ እኛ ክረምት የምንለው ዝናብ ነው፣ እሱ የለመደው ግን ውርጭና በረዶ ነው። ዘሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስተኛት ይቻላል፤ ዛፉን በየዓመቱ ማስተኛት ግን አይቻልም። ደንበኛ ለሚጠብቀው ሥራ አላምነውም። ከዚህም ሌላ ዘር ከውጭ የሚገባው የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫና የማስገቢያ ፈቃድ ይዞ ነው፤ በፖስታ ውስጥ ተጠቅልሎ መምጣት የለበትም፤ ከዘሩ ጋር የሚመጣው በሽታ የሌላውንም ገበሬ ማሳ ይነካል።

እህትዎ የግድ አንድ ነገር ልላክ ካለች ለቦንሳይ ቅርንጫፍ ማጠፊያ የሚሆን ለስላሳ የአሉሚኒየም ሽቦ ትላክልዎ። ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል፤ የሚያስፈልግዎም ወይራው ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነ አትቸኩል።