ለፈተና ማስክ ግዴታ ይሁን ወይ? በር ላይም ክፍል ውስጥም ቆሜ ያየሁት

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ 8ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ጉንፋኑ ስለበረታ ትምህርት ቤቷ «ማስክ ያላደረገ ተማሪ ለሞዴል ፈተና አይገባም» ብሎ ወረቀት ልኳል። እሷ ደግሞ አስም አለባት። ተማሪን ፈተና ላይ ማስክ ማስገደድ ልክ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። የተሰጡትን መልሶችም አየሁ። ግማሹ «ኮሮና አልፏል፣ ልጆቹን ተዉአቸው» ይላል። ግማሹ «ጤና ይቀድማል፣ ይገደዱ» ይላል።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ አዲስ አበባ። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤታችን ሲከፈት በር ላይ ቆመው ማስክ ከሚያዩት መምህራን አንዱ ነበርኩ። የዚያን ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይም በፈታኝነት ተመድቤ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልዎት፤ ትንሽ ይረዝማል።

መልሴን አስቀድሜ ልበለው። ማስክ ጥሩ ነገር ነው። የሚያስለው ልጅ ያድርግ፣ ፈታኙ ያድርግ፣ የፈለገም ሁሉ ያድርግ። «ካላደረግሽ አትፈተኚም» የሚለው ግን ዛሬ አይዋጥልኝም። ልጅ ከፈተና በር መመለስ የለበትም። ማስኩ ካስፈለገ ትምህርት ቤቱ ያቅርብ።

«ዛሬ» ያልኩት አውቄ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲገኝ፣ በሦስት ቀኑ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያ ዓመት ሊፈተኑ የነበሩት የ12ኛ ክፍል ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው ጠበቁ። በታብሌት ትፈተናላችሁ ተባሉ። ታብሌቱ ሳይደርስ ቀረና በወረቀት ሆነ። የተፈተኑት በየካቲት 2013 መጨረሻ ነው። የትግራይ ልጆች ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ያኔም አልተፈተኑም። የመጀመሪያው ክትባት አገር ውስጥ የገባው በዚያው በፈተናው ሰሞን ነበር፤ ማለትም አንድም ተማሪ፣ አንድም ፈታኝ አልተከተበም። ፈታኞቹ ውስጥ ጡረታ የደረሱ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ደም ግፊት ያለባቸው ነበሩ። በዚያ ሁኔታ ማስክ ግዴታ መሆኑ ተገቢ ነበር፤ አሁንም ተገቢ ነበር እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ድንገተኛ ሁኔታ አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጉንፋን በያኔው ሕግ መዳኘት ግን ልክ አይመስለኝም።

አሁን በር ላይ ያየሁትን ልንገርዎት።

በ2013 መጀመሪያ ስንከፍት የኛ ሕግ አጭር ነበር፦ ማስክ የሌለው አይገባም። ጠዋት ከ1፡30 ጀምሮ በሩ ላይ እንቆማለን። አንዱ ሙቀት ይለካል፣ አንዱ ሳኒታይዘር ይረጫል፣ እኔ ማስክ አያለሁ። ሁሉም አድርጎ ይገባል። ሥራችን የተሳካ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የፈተና ቀን በአጥሩ ጥግ ሳልፍ፣ ቀድሞ የገባ ልጅ ማስኩን አውልቆ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ውጭ ሲያሾልክ አየሁት። ከውጭ አንድ እጅ ተቀበለው። ሰማያዊው ዓይነት ማስክ ነው፤ አንድ ቀን አድርገው የሚጥሉት። ጠርዙ አልቆ ጸጉር አውጥቷል። ላስቲኩ በአንድ በኩል ተበጥሶ ተቋጥሯል። ትንሽ ቆይቶ ያው ማስክ፣ ያው ቋጠሮ፣ ሌላ ልጅ ፊት ላይ ሆኖ በበሩ ገባ። በሩ ላይ የቆመው ባልደረባዬ «ጎበዝ» ብሎ አሳለፈው።

ልጆቹን ጠራኋቸው። ሦስት ናቸው። አንድ ማስክ ነው ያላቸው፣ በተራ ይገቡበታል። የአንደኛው እናት ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው የምትሸጠው። «ቲቸር፣ ከተመለስን እኮ ፈተናው ያልፈናል» አለኝ። ምን ልበለው? ልቅጣው? ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ «ከበሽታ ጠበቅናቸው» ስንል፣ የሦስት ልጅ ትንፋሽ በአንድ እርጥብ ማስክ ስናዘዋውር ከርመናል። ባንክ በር ላይም እንዲሁ ነበር፤ ታስታውሱ ይሆናል። የወጣው ለሚገባው ያውሰው ነበር።

በማግስቱ መምህራን ተመካከርንና ገንዘብ አዋጣን። ማስክ በካርቶን ገዝተን በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። የሌለው ወስዶ ይገባል። ለምን የለህም አይባልም። መዋዋሱ በዚያው ሳምንት ቆመ። ትምህርት ቤትዎ ወረቀት ከመላኩ በፊት ያንን ካርቶን ገዝቶ ከሆነ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ካልገዛ ግን ደንቡ የሚያርፈው ደሃው ልጅ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፈተና ክፍል ውስጥ የሆነው ነው። ስለዚህች ልጅ ስጽፍ አሁንም ይሰማኛል።

ብሔራዊ ፈተናው ላይ፣ የሒሳቡ ቀን፣ መስኮት አጠገብ መነጽር ያደረገች ልጅ ነበረች። ወፍራም የጨርቅ ማስክ አድርጋለች፣ ቤት የተሰፋ። ትንፋሿ በላይ በኩል እየወጣ መነጽሯን ያደበዝዘዋል። ታወልቃለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ታደርጋለች። ሁለት ጥያቄ ሳትሠራ መልሶ ይደበዝዛል። ቆይታ ማስኩን ከአፍንጫዋ ዝቅ አደረገችው። እኔ ሄጄ በእጄ «ወደ ላይ» አልኳት። ታዛዥ ልጅ ናት፣ አደረገችው። እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የመልስ ወረቀቷን አየሁት። አንድ ተራ ዘላ አጥቁራለች፤ የ23ን መልስ 24 ላይ፣ የ24ን 25 ላይ። ራሷም አሁን ነው ያየችው። ላጲሱን ይዛ እጇ ይንቀጠቀጣል። ወረቀት ሰብስቡ ተባለ።

ማስኩ ነው ያሳሳታት ብዬ መማል አልችልም። ግን ሦስቴ ሄጄ ያቋረጥኳት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ፈተና የጠበቀች ልጅ ናት። ያኔ እኛን ፈታኞቹን ማንም «መነጽር ያለው ልጅ ሲቸገር እንዲህ አድርጉ» ያለን የለም። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነበር። ሶፍት አጥፎ ከማስኩ በላይኛው ጠርዝ ሥር ማድረግ። ወይ በፋርማሲ ፕላስተር አፍንጫ ላይ ማጣበቅ። ሽቦ ያለው ማስክ ከሆነ ሽቦውን አጥብቆ መጫን። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደንብ ስናወጣ ይሄን ካላሰብን፣ ማስኩ ፈተናው ላይ ሌላ ፈተና ይሆናል።

ስለ ማስኩ ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ባንግላዴሽ ውስጥ በ600 መንደሮች በተደረገ ትልቅ ጥናት ያ ሰማያዊው ማስክ በሽታውን ቀንሶ ታይቷል፤ የጨርቁ ግን ያን ያህል ግልጽ ውጤት አላሳየም። ስለዚህ «ምንም አይጠቅምም» የሚሉት ተሳስተዋል። «ፊት ላይ ይኑር እንጂ ምንም ይሁን» የሚሉትም ተሳስተዋል። አገጭ ላይ የተንጠለጠለ፣ ኪስ ውስጥ የከረመ ጨርቅ ማንንም አያድንም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። የገዛ እህቴ ነርስ ናት፤ ይሄን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ሰው ሲያወራ፣ ሲጮህ፣ ሲዘምር ከአፉ የሚወጣው ጠብታ ዝም ብሎ ከሚተነፍሰው ብዙ ይበልጣል። እስቲ የፈተናን ቀን ያስቡት። ክፍል ውስጥ ልጁ አያወራም። ተራርቆ ተቀምጧል፣ ፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ከትምህርት ቤቱ ቀን ሁሉ ጸጥ ያለው ሰዓት ያ ነው። ከመግባቱ በፊት ግን? በር ላይ ተጠጋግተው ይሰለፋሉ። ተቃቅፈው «አይዞሽ» ይባባላሉ። አንድ ደብተር ላይ አምስት ጭንቅላት ተደፍቶ «ይሄ ይመጣል፣ ይሄ አይመጣም» ይባባላል። ሲወጡ ደግሞ «አምስተኛው ስንት መጣልህ?» እያሉ ይጯጯኻሉ። ማስክ አውልቀው! ያን ጊዜ ሁላችንም ክፍል ውስጥ እንደ ጭልፊት እየጠበቅን፣ ግቢ ውስጥ ማንም አያያቸውም ነበር። ማስክ ይደረግ ከተባለ በሰልፉና በግቢው ላይ ነው ጥቅሙ የሚበልጠው። ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ለሚቸገረው ልጅ መፍቀድ ብዙ ጉዳት የለውም፤ አየሩ ከተንቀሳቀሰ።

አየሩ! እዚህ ላይ ነው እኛ ሰዎች የምንቸገረው። መስኮት መክፈት አንወድም። ታክሲ ውስጥ እንኳ አንዱ ከከፈተ አምስቱ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይላል። ፈተና ክፍልም እንዲሁ ነው። ፈታኙ ራሱ ይዘጋዋል፣ «ንፋሱ ወረቀት ይበትናል» ብሎ። ሃምሳ ልጅ ሦስት ሰዓት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስክ አድርጎ ከሚቀመጥ፣ ሃያ አምስት ልጅ መስኮትና በር ተከፍቶ ቢቀመጥ እመርጣለሁ። በ2013 ፈተና ክፍሎቹን ሳሳ አድርገን ከፍተን ነበር፣ ሠርቷል። ወረቀቱን በእርሳስ መያዣው መጫን ይቻላል። የሚበርደው ልጅ ጋቢም ቢሆን ደርቦ ይምጣ።

ብሔራዊ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሄደ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። ብዙዎቹ ልጆች ዶርም ውስጥ አብረው ያድራሉ፣ ካፌ ተሰልፈው ይበላሉ። አንዱ ካሳለ ሌሊቱን ሁሉ ነው። ጠዋት ፈተና ክፍል በር ላይ ማስክ ብንጠይቀው ምን ይጠቅማል?

ደቡብ ኮሪያን አስታውሳለሁ። የእነሱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ኅዳር 24 ቀን 2013 ነበር፣ ወረርሽኙ ጠንክሮ ሳለ። ማስክ ግዴታ ነበር፣ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ መከለያም ነበር። ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በኮሮና የተያዙት ልጆች ሆስፒታል ውስጥ ሆነው ተፈተኑ። ታሞ እንኳ ከፈተና የተመለሰ እንዳይኖር መንግሥት ወረቀቱን ይዞ ታማሚው ዘንድ ሄደ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፣ ግን ሸክሙን የተሸከመው ትልቁ ነው። ልጁ አይደለም። እኛ እንደ እነሱ አቅም የለንም። አንድ ካርቶን ማስክና አንድ ትርፍ ክፍል ለሚያስሉ ልጆች ግን አያቅተንም።

አንዳንዶች «ማስክ ካለ ሰው ይለዋወጣል፣ ሌላ ሰው ገብቶ ይፈተናል» ብለው ጽፈዋል። ስጋቱ እውነት ነው፣ ግን መላ አለው። አንድ በአንድ በር ላይ ማስኩን ዝቅ አድርጎ ከአድሚሽን ካርዱ ፎቶ ጋር ማየት፣ ከዚያ መልሶ ማድረግ። እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው። መስማት የሚቸገር፣ ከንፈር አይቶ የሚረዳ ልጅ ካለ ደግሞ ፈታኙ ትእዛዙን ሰሌዳ ላይ ይጻፍለት። ማስክ ያደረገ ፈታኝ «አሥር ደቂቃ ቀራችሁ» ሲል ያ ልጅ ምንም አያውቅም።

ስለ ልጅዎ አስም ልጨርስ። መጀመሪያ አይደንግጡ፣ እሷንም አያስደንግጧት። አስማቸው በመድኃኒት የተስተካከለላቸው ብዙ ልጆች ማስክ ማድረግ ይችላሉ። የማይችሉም አሉ፤ ይሄን የሚወስነው ሐኪሟ ነው እንጂ በር ጠባቂው አይደለም። በኮሮና ጊዜ የነበረው መመሪያ ራሱ የመተንፈስ ችግር ላለባቸው ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ከሐኪሟ አጭር ማስረጃ ያጽፉና ለርእሰ መምህሩ ይስጡ። በፈተናው ጠዋት ሳይሆን አሁን። ጠዋት በር ላይ ክርክር ከተነሣ ልጅቷ እያለቀሰች ነው የምትገባው።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ይሞክሩት። የአምና ፈተና ይስጧት፣ ማስክ አድርጋ ሁለት ሰዓት ትሥራ። ከተመቻት ተመቻት። ካልተመቻት ለርእሰ መምህሩ የሚነግሩት ተጨባጭ ነገር አለዎት።

ሦስተኛ፣ ይሄ ከማስኩም ይብሳል። ብዙ ትምህርት ቤት ፈተና ሊጀመር ሲል ነው ክፍል የሚጠረገው። አቧራው ሳይወርድ ልጆቹ ይገባሉ። የጠመኔውም ብናኝ አለ። አስም ላለባት ልጅ ያ አቧራ ነው ጠላቷ። ክፍሉ ከዋዜማው ማታ እንዲጠረግ፣ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲወለወል ይጠይቁ። መስኮት አጠገብ እንድትቀመጥም ያስመዝግቡ። የምትነፋው መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ እንዳይቀር፤ ቦርሳ ውጭ ነው የሚቀመጠው። ጠረጴዛዋ ላይ ይሁን፤ ፈታኙም ምን እንደሆነ ቀድሞ ይወቅ። አንድ ጊዜ ሞባይል መስሎት የነጠቀ ፈታኝ አይቻለሁ።