ኮከብ ቆጥሮ ማን በላ?

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ለሌላ ጠያቂ መልስ እየጻፍኩ ነበር። የእሱን አቆየሁት፤ ይቅርታ ለብቻው እጠይቀዋለሁ። ከወንበሬ ያስነሳኝ አንድ መስመርሽ ነው፦ “ወንድሜ ‘ኮከብ ቆጥሮ ማን በላ?’ አለኝ፤ የምመልስለት አጣሁ።”

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዬ 24 ዓመቷ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን እየጨረሰች ነው። በምርጫ ትምህርትነት የሥነ ፈለክ መግቢያ ወሰደች፤ ከሥርዓተ ፀሐይ ተነሥቶ ከዋክብት ላይ የሚያበቃ ትምህርት ነው። በፕላኔቶቹ ፈተና ከ100 ላይ 88 አገኘች፤ በከዋክብቱ 41። ከአምስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ክፍል መምረጥ አለባት። እሷ ፊዚክስ ትላለች፤ ክፍያዋን የሚችለው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ አካውንቲንግ ይላል። ሦስት ሥጋቶችም አክላለች፦ ቴሌስኮፕ የላትም፣ ዕድሜዋ የሄደ ይመስላታል፣ የሌሊት ሥራ ኑሮን እንዳያናጋባት ትፈራለች።

ሦስቱን ቶሎ ልሸኛቸው። ቴሌስኮፕ አያስፈልግሽም፤ የተለካ መረጃ በነጻ የሚገኝበት ዘመን ላይ ነሽ። የዛሬ የሥነ ፈለክ ሰው አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ቀን፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው፤ ሌሊት ይተኛል። ስለ 24 ዓመት ደግሞ ትንሽ ቆይቼ አንድ ሰው አስተዋውቅሻለሁ።

ወንድምሽን በከፊል ያሳሳተው ቋንቋችን ነው። ኮከብ ቆጣሪ ስንል ዕጣ ፈንታ የሚናገረውን ሰው ነው የምናስበው፤ ሥነ ፈለክ የሚለው ቃል ግን ከመማሪያ ክፍል ብዙም አይወጣም። ስለዚህ ወንድምሽ ገንዘቡ ለጥንቆላ የሚከፈል መስሎት ሊሆን ይችላል። የሚያስቀው፣ እውነተኛዎቹ የሥነ ፈለክ ሰዎችም መቁጠራቸው ነው። አኒ ጃምፕ ካነን በሕይወት ዘመኗ ወደ 350,000 ከዋክብትን በብርሃናቸው ዓይነት መድባለች። ጋያ የተባለችው ሳተላይት በ2022 ይፋ የሆነው መዝገቧ 1.8 ቢሊዮን ገደማ የሰማይ አካላትን ይዟል፤ አብዛኞቹ ከዋክብት ናቸው።

አሁን ለወንድምሽ የሚገባውን ልስጠው። ቋሚ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሆኖ በዚያ ደመወዝ መኖር ጠባብ በር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል። ሦስተኛ ዲግሪ እስኪያዝ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይጨመራል። ከዚያ በሁለትና በሦስት ዓመት ውል ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው፣ ብዙ ጊዜም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚያዞር የድኅረ ዶክትሬት ምርምር አለ። በዚህ መንገድ ከጀመሩት ቋሚ ቦታ የሚይዙት ጥቂቶቹ ናቸው። ይህን ሸፍኖ “ህልምሽን ተከተይ” የሚልሽ አማካሪ ካጋጠመሽ ተነሥተሽ ውጪ።

ወንድምሽ የሚሳሳተው ግን የትምህርቱን ስም እንደ ሥራው ስም በመቁጠሩ ነው። አካውንቲንግ የተማረ አካውንታንት ይሆናል፤ ሥነ ፈለክ የተማረ እንግዲህ ምን ይሆናል? “የሥነ ፈለክ ባለሙያ እንፈልጋለን” የሚል ማስታወቂያ የት አለ? ይህ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ዋይፋይን ይጠቅሳል፤ አውስትራሊያ ውስጥ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ሰዎች የሠሩት ሥራ ለዋይፋይ ቴክኖሎጂ አስተዋጽኦ አድርጓል። እውነት ነው፤ ግን ለወንድምሽ አትንገሪው። የሌላ ሰው የፈጠራ መብት ያንቺን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ይልቅ ይህን ንገሪው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጁዜፔ ፒያዚ ፓሌርሞ፣ ሲሲሊ ውስጥ ከዋክብትን ሲለካ ከቦታዋ የምትንቀሳቀስ አንዲት ነጥብ አየ። ዛሬ ሴሬስ የምንላት ድንክ ፕላኔት ናት። ለ41 ቀናት ተከታተላት (ቁጥሩ ካንቺ ውጤት ጋር መግጠሙን እኔም አይቻለሁ)፤ ከዚያ ታመመ፤ እሷም በፀሐይ ብርሃን ተሸፈነች። ከወራት በኋላ የት እንደምትወጣ የሚያውቅ ጠፋ። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው እነዚያን ጥቂት ልኬቶች፣ ከነስህተታቸው፣ ወስዶ ምሕዋሯን አሰላና “እዚህ ቦታ ፈልጓት” አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 እሱ ካለው ቦታ ብዙም ሳትርቅ ተገኘች። ጋውስ ያኔ 24 ዓመቱ ነበር።

የጋውስ ስም ከዚህ ዓይነት ሥራ ጋር አብሮ የሚነሣው ከብዙ ጎዶሎ ልኬቶች መካከል ስህተቱን በጣም የሚያሳንሰውን መስመር በሚያወጣው ዘዴ ነው። አድሪያን-ማሪ ለዣንድር የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በ1805 ቀድሞ አሳትሞታል፤ የማን እንደሆነም ተጨቃጭቀውበታል። ዛሬ ባንክ የብድር ኪሳራን ሲገምት፣ ፋብሪካ የምርቱን ጥራት ሲከታተል፣ ሐኪሞች መድኃኒት ሲፈትኑ ይህ ዘዴ ወይም የልጅ ልጁ እጃቸው ላይ አለ።

እኔም ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን የበላሁበት ነው። ፊዚክስ ተምሬ፣ በሁለተኛ ዲግሪዬ ድምቀታቸው በሚለዋወጥ ከዋክብት ላይ ሠርቼ፣ ኢንሹራንስ ድርጅት ገባሁ። ፈታኙ ስለ ኮከብ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። “መረጃህ መሀል ላይ የጎደለ ቀን ሲያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?” ነበር ያለኝ። በደመና ምክንያት ስላጣኋቸው ሌሊቶች ነገርኩት፤ ክፍተቱን ምን እንደሞላሁበት፣ የት ላይ መሙላት አይገባም ብዬ ባዶ እንደተውኩት። በሳምንቱ ተቀጠርኩ።

አሁን ወደ 41 እንምጣ። ደብዳቤሽ ላይ ወንድምሽን 14 ጊዜ ጠርተሽዋል፤ 41ን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም በቅንፍ ውስጥ። እንደኔ ግምት ሌሊት ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅስሽ ይህ ቁጥር ነው። ወንድምሽ ከለከለኝ ማለት “አልችል ይሆናል” ከማለት ይቀላል፤ ስለዚህ ትልቁ ፍርሃትሽ ከሱ ጀርባ ተጠልሏል።

ፈተናው ለምን እንደወደቀብሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ አላስተዋልሽውም እንጂ። ፕላኔቶች ላይ የማስታወስ ችሎታ ሩቅ ይወስዳል። መንኮራኩር ሄዶ ያነሣው ፎቶግራፍ አለ፤ የጨረቃ ድንጋይ ቤተ ሙከራ ውስጥ አለ። ከፀሐይ በቀር ወደየትኛውም ኮከብ የቀረበ መሣሪያ ግን የለም። በእጃችን ያለው ብርሃን ብቻ ነው፤ ሙቀቱም፣ ርቀቱም፣ ክብደቱም ከዚያ ተፈልቅቆ መውጣት አለበት። “ቤቴልጅዩዝ ቀይ ስለሆነች ከሁሉ ትሞቃለች ብዬ ጻፍኩ” ብለሻል። አንጥረኛ ብረት ሲያግል አስቢ፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ነጭ ይሄዳል። የቤቴልጅዩዝ ገጽ 3,500 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የፀሐይ 5,800 ይጠጋል፤ በዚያው ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለችው ሰማያዊቷ ራይጀል ወደ 12,000 ትደርሳለች። ታዲያ ቀዝቃዛዋ ቤቴልጅዩዝ ስለምን ደመቀች? ሙቀቱ በግማሽ ቢቀንስ ከአንድ ካሬ ሜትር ገጽ የሚወጣው ብርሃን በ16 እጥፍ ይቀንሳል። ጉድለቱን ሊሞላ የሚችለው የገጽ ስፋት ነው፤ እናም ቤቴልጅዩዝ በመቶዎች እጥፍ ከፀሐይ የሰፋች ግዙፍ ኮከብ መሆን አለባት፤ ናትም። እዚህ ውስጥ በቃል የሚያዝ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉድጓድሽ የድምቀት ደረጃ ነው፤ ማግኒቱድ የሚባለው። ከጥንት ጀምሮ ደማቁ ኮከብ አንደኛ፣ ደብዛዛው ስድስተኛ ይባል ስለነበር ቁጥሩ ሲያድግ ድምቀቱ ይቀንሳል። ኖርማን ፖግሰን በ1856 አምስት ደረጃ ልክ 100 እጥፍ ይሁን ብሎ በሎጋሪዝም አሰረው። የተገለበጠ ልኬት፣ በላዩ ሎጋሪዝም! ብዙ ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ እኔም ተሰናክያለሁ። ይህ የሁለት ሳምንት ልምምድ እንጂ የተሰጥኦ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ወንድምሽ ገንዘብ ግልጹን ልናገር። የሚከፍል ሰው መልስ ይገባዋል፤ አንቺ ግን እስካሁን የሰጠሽው ስሜት ነው። “ኮከብ እወዳለሁ” ለሚል ሰው እኔም ገንዘቤን አልሰጥም። ወንድምሽ የሚፈራው ከዋክብቱን ሳይሆን መጨረሻው የማይታይ ክፍያ ይመስለኛል። ስለዚህ ወሰኑን አስምሪለት፦ የምትጠይቂው የመጀመሪያ ዲግሪን ብቻ ነው፤ በየዓመቱ አንድ የስታቲስቲክስና አንድ የፕሮግራሚንግ ትምህርት ትወስጃለሽ፤ ሦስተኛ ዲግሪ ቢመጣ የምትገቢው ክፍያሽንና ኑሮሽን የሚሸፍን ቦታ ካገኘሽ ብቻ ነው። በብዙ አገሮች ለሳይንስ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ እንዲህ ያለ ድጋፍ የተለመደ ነው፤ ከኪስ እየከፈሉ መግባትን ለማንም አልመክርም። ይህን ሰምቶ አሁንም አካውንቲንግ ካለ ችግሩ የገንዘብ አይደለም፤ አንቺን ወክሎ መኖር ፈልጓል ማለት ነው። ውለታውን አመስግነሽ፣ የምርጫ ቅጹን በራስሽ እጅ ሙዪ።

ሲሲሊያ ፔይንን ክፍል ውስጥ ሳትሰሚ አትቀሪም። በ1925 በሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፏ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን የሚያሳይ ስሌት አወጣች። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ የሆነው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ሊሆን አይችልም ስላላት፣ ውጤቱ እውነተኛ አይመስልም የሚል ዐረፍተ ነገር ጽሑፏ ውስጥ አስገባች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ እዚያው ድምዳሜ ላይ ደረሰ። እኔን የሚገርመኝ ቃሏን ብታለሳልስም ቁጥሩን ከሠንጠረዡ አለማውጣቷ ነው። ከወንድምሽ ጋር ስትነጋገሪ ቃልሽን የፈለግሽውን ያህል አለስልሺ።

ከዚያ በፊት ግን ለኔም ለራስሽም አንድ ሥራ ሥሪ። የጋያ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። በሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ፣ ፕልያዲስ በሚባሉት፣ ሁለት ዲግሪ ያህል ስፋት ምረጪ። ፓራላክሳቸው (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ ከቦታው ፈቀቅ ያለ የሚመስልበት ማዕዘን) ከ7 እስከ 7.8 ሚሊ ቅስት ሴኮንድ፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን በሆነ የማዕዘን መለኪያ፣ የሆኑትን፣ ከ15ኛ ማግኒቱድ የማይደበዝዙትን ብቻ አስቀሪ። ሰማይ ላይ የሚጓዙበትን ፍጥነትም ተመልከቺ፤ የቤተሰቡ አባላት ወደ አንድ አቅጣጫ አብረው ይሄዳሉ፣ የማይሄደው መንገደኛ ነውና አስወጪው። የቀረውን ኤክሴል ላይ አስገብተሽ ቀለሙን በአግድም፣ ድምቀቱን በቁም አድርጊ፤ ቁሙን መገልበጥ እንዳትረሺ። በፈተናው ላይ ያስለቀሰሽ ግራፍ በራስሽ እጅ ይወጣል። ርቀቱንም አስሊው፤ 1,000ን ለፓራላክሱ አካፍይ፣ 136 ፓርሴክ (የከዋክብት ርቀት መለኪያ ነው) አካባቢ ይመጣል። ከጋያ በፊት የነበረችው ሂፓርኮስ ሳተላይት 120 ገደማ ስትል ሌሎች ዘዴዎች ከ130 በላይ ይሉ ነበር፤ ሰዎች በዚህ ልዩነት ለዓመታት ተከራክረዋል።

አሰልቺ ሆኖብሽ ግማሽ ላይ ከተውሽው አካውንቲንግ ምረጪ። ይህን ስል አላሾፍም፤ ጥሩ ሙያ ነው፣ ሰማዩም የትም አይሄድም። ካልሰለቸሽ ግን ፊዚክስ ምረጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግራፉን ስትጨርሺ ከዋናው መስመር በላይ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ሁለተኛ፣ ሳሳ ያለ የነጥቦች መስመር ታያለሽ። ከታችኛው ቢበዛ በ0.75 ማግኒቱድ ይደምቃል። የመሣሪያ ስህተት አይደለም። 0.75ን በፖግሰን ሕግ ወደ ስንት እጥፍ እንደሆነ መልሺውና፣ እነዚያ ነጥቦች ምን እንደሆኑ ቅጹ ከመዘጋቱ በፊት ጻፊልኝ።