ሲስተርን ጠይቁ፦ «ያን ዲግሪሽን እርሺው፣ ከዜሮ ጀምሪ አሉኝ»

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። አገር ቤት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። አሁን አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) መሆን እፈልጋለሁ፤ ያውም በቢኤስኤን (በነርሲንግ ባችለር)። የሥራ ጓደኞቼ ‹ያን ዲግሪሽን እርሺው፣ ከዜሮ ጀምሪ› ይሉኛል። አንዷ ደግሞ ‹ዲግሪ እንዳለሽ ለትምህርት ቤቱ አትንገሪ፣ ነጻ ገንዘብ ይቀርብሻል› አለችኝ። ከየት ልጀምር?»
ሀ. ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ጓደኛሽ ነጻ ገንዘብ የምትለው ፔል ግራንትን፣ የማይመለሰውን የፌደራል የትምህርት እርዳታ ነው። እርግጥ ነው፣ ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም ያው ነው። ግን ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው) ላይ የምትፈርሚው «የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው» ብለሽ ነው። ነገ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አይጫወትም። የፌደራል የተማሪ ብድር ዲግሪ ስላለሽ ብቻ አይከለከልሽም። የምትሠሪበት ቤት ለትምህርት የሚከፍል እንደሆነም ኤችአር ጠይቂ። ብዙ ቤት ይከፍላል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ትንሽ ነው።

ዲግሪሽንስ ለምን ትረሺዋለሽ? ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ ወስደሽ ከሆነ የተወሰነው ሊያዝልሽ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አክስለሬትድ ቢኤስኤን የሚባለውን በር ይከፍትልሻል። በሌላ ሙያ ባችለር ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው፤ አብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ውድ ነው። ፉል ታይም እየሠሩ መማር ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የምትጀምሪው ትራንስክሪፕትሽን ነው። የወጪ መጋራት ዕዳሽን ከፍለሻል? ካልከፈልሽ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ወረቀት አይሰጥም። ውክልና ያለው ሰው ሬጅስትራር ሄዶ ይጨርስልሽ። ወረቀቱን አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ የውጭ አገር ትምህርት ለሚገመግመው ድርጅት መላክ አለበት። በአንቺ እጅ ካለፈ ላይቀበሉት ይችላሉ። ስታስገመግሚ ደግሞ «ኮርስ ባይ ኮርስ» የሚባለውን ምረጪ። ርካሹ ግምገማ «ከባችለር ጋር እኩል ነው» ብሎ ያበቃል፤ ክሬዲት አይቆጥርልሽም።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ነርሲንግ የሚከብደው ከገቡ በኋላ ይመስለዋል። እኔ የማውቃቸው ሐበሾች ግን የቀሩት ሳይገቡ ነው፤ ፕሪሪኩዚት ላይ፣ ማለት ከመግባት በፊት በሚወሰዱት ኮርሶች። ኤናቶሚና ፊዚዮሎጂ 1 እና 2፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ ዴቨሎፕመንታል ሳይኮሎጂ፤ ብዙ ቦታ ኬሚስትሪና ኒውትሪሽንም ይጨመራሉ። ወረቀቱ ላይ «ሲ ይበቃል» ይላል። አትመኚው። ወንበሩ ጥቂት ነው፣ አመልካቹ ብዙ፤ የሚለየው ነጥብ ነው። ሲ ማይነስ ደግሞ አብዛኛው ቦታ ጭራሽ አይቆጠርም። ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ አንዴ ብቻ የሚል ትምህርት ቤት አለ። የሳይንስ ኮርስ ቀን ያልፍበታል፤ እንደየቤቱ አምስት ዓመት፣ ሰባት፣ አሥር። ኤናቶሚ በኤ አልፋ፣ ልጆች አሳድጋ ስትመለስ «እንደገና ውሰጂ» የተባለች ሴት አውቃለሁ።

ኤናቶሚ በምትወስጂበት ሴሚስተር ደብል ሺፍት አትሥሪ። ይሄን የምለው በክፋት አይደለም፤ ቤት ኪራይ እንዳለብሽ አውቃለሁ። ግን የላብ ፈተናው እንዴት ነው መሰለሽ? አጥንቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። አንዷ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አለ። የቀዳዳዋን ስም ትጽፊያለሽ። ፊደል ከሳትሽ ነጥብ ይቀነሳል። ሰዓቱ ይደወላል፤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ። በዚያ ሰዓት ከናይት ሺፍት የወጣ ጭንቅላት አይሠራም።

ከዚያ ቲስ የሚባለውን መግቢያ ፈተና የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ሌሎቹ ሄሲን ይጠይቃሉ። ቲስ 170 ጥያቄ ነው፦ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ። ሒሳቡ ለአካውንታንት ቀልድ ነው። ንባቡን ግን ሰዓት ይዘሽ ተለማመጂ።

እኔ ብሆን ፕሪሪኩዚቱን ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) እጨርሳለሁ፤ ዋጋው ከግል ኮሌጅ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ነጥቤን አይቼ እወስናለሁ። ነጥብሽ ካማረና ለአንድ ዓመት ተኩል የሚደግፍሽ ሰው ካለ፣ አክስለሬትዱ። ከሌለ፣ ኖቫ ራሱ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ በነርሲንግ አሶሲየት ዲግሪ ይሰጣል፤ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ጎን ለጎን ተመዝግቦ ወደ ቢኤስኤን የሚሻገሩበት መንገድም አለው። በአሶሲየቱ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን ወስደሽ አርኤን ትሆኛለሽ፤ ቢኤስኤኑን በአርኤን ደሞዝ ትጨርሺዋለሽ። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ ያሉትም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተመሳሳይ መንገድ አላቸው።

ከተቀበሉሽ በኋላ የክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ወረቀት ይመጣል፦ የወንጀል ሪከርድ ምርመራ፣ የዕፅ ምርመራ፣ ሲፒአር፣ ክትባት። የልጅነት የክትባት ካርድሽ ያለ አይመስለኝም። አትጨነቂ፤ ዶክተርሽ በደም ምርመራ መከላከያው እንዳለሽ ያያል፤ የጎደለውን ትከተቢያለሽ። ለቲቢ ግን ክንድ ላይ የሚወጋውን ሳይሆን የደሙን ምርመራ ጠይቂ። እኛ አገር ቤት ቢሲጂ የተከተብን ሰዎች በቆዳው ምርመራ ያለ በሽታችን ፖዘቲቭ ልንወጣ እንችላለን። ከዚያ ኤክስሬይ፣ ከዚያ ደብዳቤ፣ ከዚያ መጉላላት።

ውስጥ ስትገቢ የመጀመሪያው ወንፊት የመድኃኒት ስሌት ፈተና ነው። 90፣ አንዳንዱ ቤት 100 ከመቶ ካላመጣሽ ለሕመምተኛ ክኒን አትሰጪም። ሐኪሙ 0.25 ሚሊግራም አዟል፤ ክኒኑ ላይ 125 ማይክሮግራም ተጽፏል። ስንት ትሰጫለሽ? ሁለት። ሒሳቡ የልጅ ነው፤ ተማሪን የሚጥለው መለኪያው መለወጡን አለማየት ነው። እኔ የምሠራበት ክፍል ለክሊኒካል የሚመጡት ተማሪዎች ላይ የማየው ይሄንኑ ነው።

«ሲስተር፣ አገር ቤት በነርሲንግ ቢኤስሲ ይዤ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዕድሜዬም ገፍቷል፤ አሁን ኡበር እነዳለሁ። እንደገና ዲግሪ መማር አለብኝ ወይ?»
ተ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

የለብዎትም፣ ጋሼ። የእርስዎ ጉዳይ የወረቀትና የፈተና ነው። ሲጂኤፍኤንኤስ የምንለው ድርጅት አሁን ስሙን ትሩሜሪት ብሏል፤ ትምህርትዎንና የሥራ ፈቃድዎን ይገመግማል። የሚያየው የክፍልና የክሊኒካል ሰዓትዎን ነው፤ በተለይ በአዋቂዎች ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕጻናትና በአእምሮ ጤና። አንዱ ከጎደለ የጎደለውን ኮርስ ብቻ ወስዶ መሙላት የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ የሜሪላንድን የነርሲንግ ቦርድ ይጠይቁ። የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ።

ከዚያ ኤንክሌክስ፣ የነርስ ፈቃድ ፈተናው ነው። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እስከ 5 ሰዓት፤ ምዝገባው 200 ዶላር። እርስዎ በሽታውን ከእኔ በላይ ሊያውቁት ይችላሉ። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ «ከእነዚህ አራት ሕመምተኞች መጀመሪያ ማንን ታያለህ?» ነው። የጥያቄ ባንክ ገዝተው፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ስልክዎ ላይ ይሥሩ። ከወደቁ ከ45 ቀን በኋላ ይደግማሉ።

«የአክስቴ ልጅ ክላስ ሳይሄዱ በጥቂት ወር የነርሲንግ ዲፕሎማ የሚሰጥ ቤት አግኝቻለሁ ትላለች። ልመዝገብ?»
መ. ከላውረል

በጭራሽ። በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የውሸት የነርሲንግ ዲፕሎማ የሸጡ ቤቶችን ማጋለጡን አስታውቋል። የተከሰሱት 25 ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየስቴቱ ላይሰንሳቸውን ያጡ ነርሶች አሉ። የትኛውም ቤት ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት፣ በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ዝርዝር ላይ ስሙን ፈልጊ። ቦርዱ የየትምህርት ቤቱን የኤንክሌክስ ማለፊያ መጠንም ያወጣል። አክስለሬትድ የሚባለው ትክክለኛው እንኳን ክላስና ክሊኒካል በሽበሽ ነው፤ የአክስትሽን ልጅ ክሊኒካሉ የት ሆስፒታል እንደሆነ ጠይቂያት።